ጣፋጭ የማትቀምስ ባለኬክ

ባለኬኳ የሠራችውን ኬክ ከቀመሰች ስድስት ዓመት አልፏታል። ኬክ የማይነካ ኬክ ሠሪ ያልተለመደ ነውና ነገሩን የሰማ ሰው መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ ከንፈሩን ይመጥጣል። ስኳር በሽታ አለባት። ፊት ለፊቷ የምትኖረው ልብስ ሰፊ ወዳጇ ይህን የሰማች ቀን፣ «እግዜርም አንዳንዴ ይቀልዳል» ብላ ነበር።

በሽታው የታወቀው ሥራ ላይ እያለች ነው። የሠርግ ኬክ ከምድጃ ልታወጣ ጎንበስ እንዳለች ወደቀች። ስትነቃ የሆስፒታል አልጋ ላይ ናት፤ ክንዷ ላይ መርፌ ተሰክቷል፤ ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ ሁለቱን ጫማዎቿን እንደ ሕፃን ታቅፏል። ያን ዕለት ጣራውን እያየች፣ «ከዚህ አልጋ ካስነሳኸኝ ጣፋጭ የሚባል ነገር በአፌ አይዞርም» ብላ ለፈጣሪዋ ተሳለች። ሐኪሙ በኋላ፣ «በጣት ጫፍ መቅመስ አይጎዳሽም» ብሏት ነበር። እሷ ግን ከፈጣሪ ጋር የገቡትን ቃል በጣት ጫፍ አይሸራርፉትም የምትል ሴት ናት።

ከዚያ ወዲህ ብቸኛ ምላሷ ባሏ ነው። ሰውየው ሃያ ሰባት ዓመት የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ነድቷል፤ ሰፈሩም ዛሬ ድረስ «ሾፌሩ» ነው የሚለው። በየመንገዱ ምግብ ቤት ሲበላ የኖረ ነውና ምላሱ ምሕረት አያውቅም ነበር። ከምድጃ የወጣውን ኬክ ቆርሳ ስትሰጠው አንዴ አላምጦ ይፈርዳል።

«ይሄ ኬክ ነው ወይስ ትርፍ ጎማ?»

«አንተ ሰውዬ፣ ጠዋት ጠዋት አትድረቅብኝ።»

«ስኳሩ ፍሬን በጥሷል። ሎሚው ደግሞ ገና ከጋራዥ አልወጣም።»

እሷ የያዘችውን ማንኪያ ትወረውርበታለች፤ እሱ ጎንበስ ብሎ ያሳልፈዋል። ከዚያ ግን ቁጭ ብላ በደብተሯ ላይ ስኳሩን በሩብ ኩባያ ትቀንሳለች፣ የሎሚ ልጣጩን ትጨምራለች። ሙያውን ያስተማራት ሰው አልነበረም፤ ከአንዲት የቀድሞ አሠሪዋ የተዋሰችው ሽፋኑ የወለቀ መጽሐፍና የባሏ ክፉ ምላስ ናቸው ያስተማሯት። በእነዚህ በሁለቱ ታግዛ ባለ ሁለት ክፍል ቤቷን የሥራ ቦታ አደረገችው። ምድጃው ከጓዳ ወደ ሽንት ቤት በሚወስደው ጠባብ መተላለፊያ ቆሟል፤ በሩ ስለማይገጥም በሽቦ ይታሰራል። የእንቁላል ትሪዎች አልጋ ሥር ናቸው። ክሬም የሚመታው መኝታ ቤት ነው፤ አቧራ የማይገባበት እሱ ብቻ ነውና። ግቢው በር ላይ ሾፌሩ ራሱ በቀይ ቀለም «ኬክ በትዕዛዝ ይሠራል» ብሎ ጽፎላታል። ልደት የሚያከብር፣ ልጁን የሚያስመርቅ፣ የሚያገባ ሁሉ ያን በር ማንኳኳት ለመደ። «የእሷ እጅ» ከተባለ ሌላ ጥያቄ የለም። ከሀብት ሁሉ የምትኮራው በዚህ ነበር፤ እጇ ስም አለው።

ሾፌሩ ጉሮሮውን የታመመው የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። ሕመሙ ክፉ ነበር፤ ስሙን ጮክ ብለው የማይጠሩት ዓይነት። ሠላሳ ምናምን ቀን በጨረር ታከመ። ከአንገቱ በታች ልብሱ ብቻ የሚሄድ እስኪመስል ከሳ። እሷ በጠዋት ኬኳን ጋግራ፣ ሾርባውን በፔርሙዝ ይዛ፣ ከሆስፒታሉ ደረጃ ላይ እየጸለየች ጠበቀችው። ፈጣሪ ሰማት፤ ተረፈ። ድምፁ ሻከረ፤ መሪ መጨበጥ፣ ከባድ ማንሳት ቀረ፤ ሰውየው ግን ቤቱ ገባ። ያን ሰሞን ምስጋናዋ ወሰን አልነበረውም።

መብላት የጀመረ ቀን ከወጣው ኬክ ቆርሳ ሰጠችው። ቀስ ብሎ አላመጠ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ድንቅ ነው» አላት።

«ምን ይጎድለዋል?»

«ምንም። ድንቅ ነው። ለስላሳ ነው።»

በሚቀጥለውም ቀን ድንቅ ነው። በሚቀጥለውም። ትርፍ ጎማ የለ፣ ፍሬን የለ። መጀመሪያ ገረማት፤ በኋላ፣ ሞትን በዓይኑ አይቶ የተመለሰ ሰው ምን ይነቅፋል፣ ልቡ ራርቶ ነው አለች። እንዲያውም ደስ አላት። ሃያ ዓመት ሙሉ ከአፉ ያልወጣውን ምስጋና በእርጅናዋ አገኘችው።

ነገሩ የተበላሸው ከዚህ በኋላ ነው፤ አበለሻሸቱም ቀላል ነበር። ለኬኩ የምትጠቀምበት በቆርቆሮ የሚሸጠው ቤኪንግ ፓውደር ከሱቅ ጠፋ። ባለሱቁ፣ «እትዬ፣ አሁን በኪሎ ነው የሚመጣው» ብሎ ከጆንያ ነጭ ዱቄት በላስቲክ መዘነላት። «ያው ነው?» ስትለው «ያው ነው» አላት። ቤቷ ወስዳ በባዶው ቆርቆሮ ገለበጠችው። ኬኩ እንደ ወትሮው ተነሳ፤ እንዲያውም ኃይለኛ መሰላትና መጠኑን በግማሽ ቀነሰች። ቀለሙ ከበፊቱ ይልቅ ጠቆር አለና ደስ አላት፤ ቡናማው እንዲህ አምሮላት አያውቅም። ለሾፌሩ አቀረበችለት። ድንቅ ነው፣ ለስላሳ ነው አላት።

በአራት ወር ውስጥ በሩን የሚያንኳኳ ጠፋ።

ማንም አልተጣላትም። በየሳምንቱ አንድ ትሪ የሚወስዱት የትምህርት ቤቱ መምህራን «ክብደት እየቀነስን ነው» አሏት፤ ሃያ ሁለቱም መምህራን በአንድ ሳምንት። የመድኃኒት ቤቷ እመቤት ልጆቿ ከእንግዲህ ፍራፍሬ ነው የሚሉት አለች። ልብስ ሰፊዋ ምንም አላለችም፤ ዝም ብላ ማዘዝ ተወች፤ ስታገኛት ግን ጉንጯን አገላብጣ ትስማታለች፣ «እጅሽ ይባረክ» ትላታለች። ባለኬኳ ማታ ማታ ተንበርክካ፣ «ጌታዬ፣ ምን በደልኩ?» ትላለች። ጠዋት ስትነሳ ግን ጥፋተኛዋን ታውቃታለች።

ጥፋተኛዋ ባለመስታወቷ ነበረች። ይህች ልጅ የዛሬ ሦስት ዓመት እንቁላል መስበር እንኳ ሳታውቅ መጥታ ስምንት ወር ከባለኬኳ ሥር የተማረች ናት። አሁን ዋናው መንገድ ላይ ፊቱ ሙሉ መስታወት የሆነ ሱቅ ከፍታለች፤ ስሟም ከዚያ መጣ። «ያጎረስኳት እጄን ነከሰችኝ» ትላለች ባለኬኳ። ሾፌሩ ይህን ሲሰማ መስኮቱን ያያል።

በዚህ መሐል አንድ ተስፋ መጣ። ከአውቶቡስ ማዞሪያው ማዶ አዲስ የሠርግ አዳራሽ ተሠርቶ ነበር። ሥራ አስኪያጁ በአዳራሹ ለሚደረግ ሠርግ ሁሉ ኬክ የሚያቀርብ አንድ ሰው ይፈልጋል። ሁለት ሰው ተመረጠ፦ ባለመስታወቷ ለሰኞ፣ ባለኬኳ ለማክሰኞ፣ ኬካቸውን ይዘው እንዲመጡ።

«ይሄ ከሆነ ሥራው ተረፈ» አለችው ለባሏ። «ካልሆነ የበሩን ጽሑፍ አጥፋልኝ። የማይመጣ ሰው ስጠብቅ አልኖርም።»

ሰኞ ረፋዱ ላይ ኬኳን አውጥታ በሽቦ መደርደሪያ እያቀዘቀዘች ሳለ ባለመስታወቷ መጣች። ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም።

«እትዬ፣ ልግባ?»

«ገብተሻል እኮ።»

«አንድ ነገር ልነግርሽ ነው። ከተቆጣሽም ተቆጪ።»

«እስከ ዛሬ አላስቆጣሽኝ ይመስል! ተናገሪ።»

ልጅቷ መደርደሪያው ላይ ያለውን ኬክ አየች፤ ከዚያ መሬቱን አየች። «ኬክሽ ይመራል።»

ባለኬኳ የሰማችውን አላመነችም። «ምን?»

«ይመራል። ባለፈው ወር የመድኃኒት ቤቷ እመቤት ልደት ላይ በላሁት። መጀመሪያ ይጣፍጣል፤ ከዋጡት በኋላ ምላስ ላይ ሳሙና ሳሙና የሚል ነገር ይቀራል። ሰው ሁሉ ያውቃል እኮ፤ ይሉኝታ ይዞት ነው። ባሏ ታሞ፣ እሷ ታማ፣ ምን ብለን እንነግራታለን ነው የሚሉት።»

«አንቺን ታዲያ ምነው ይሉኝታ አልያዘሽ? ነገ ተራዬ ስለሆነ ነው?»

«ለእሱማ ቢሆን ዝም ማለት ነበር የሚሻለኝ! አስቢው እንጂ እትዬ።»

ማሰቢያ ልብ አልነበራትም። «እንቁላል አስኳሉን ከነጩ መለየት ያስተማርኩሽ እኔ! ዱቄት መንፋት ያስተማርኩሽ እኔ! ውጪልኝ!»

«እሺ። ግን አንዴ ቅመሺው።»

«ስለት እንዳለብኝ እያወቅሽ? ውጪ ብዬሻለሁ!»

ልጅቷ ወጣች። ሾፌሩ ሁሉንም ከውስጠኛው ክፍል ሰምቷል። ባለኬኳ ከኬኩ ጠርዝ ቆርሳ ይዛለት ገባች። 

«እውነቱን ንገረኝ። ይመራል?»

ሰውየው ጎረሰ። ረጅም ጊዜ አላመጠ። ዓይኑ መስኮቱ ላይ ነው።

«ድንቅ ነው» አለ። «ለስላሳ ነው።»

«በሞቴ በል።»

«በሞትሽ። ቅናት ነው የያዛት። ነገ ሂጂና አሳያቸው።»

እፎይ አለች። እንዲያውም ለባለመስታወቷ አዘነችላት፤ ቅናት ሰውን እንዲህ ያዋርዳል ብላ ጸለየችላት።

ማክሰኞ ኬኩን በካርቶን ይዛ፣ አውቶቡስ ውስጥ ቆማ፣ ሰው እንዳይገፋት በክርኗ እየተከላከለች ሄደች። አዳራሹ አዲስ ቀለም ይሸታል። ወንበሮቹ ነጭ ልብስ ለብሰው ተደርድረዋል፤ አንድ ሠራተኛ መሰላል ላይ ሆኖ አምፖል ይሰቅላል። ሥራ አስኪያጁ ሙሉ ልብስ የለበሰ ጎልማሳ ነው፤ አጠገቡ የአዳራሹ ባለቤት የሆነችው እናቱ ተቀምጣለች።

«እናቴ ካልቀመሰች ምንም አይወሰንም» አለ እየሳቀ። «ይቁረጡልን።»

ባለኬኳ ቆረጠች። ኬኩ እንደ ጥጥ ተከፈለ። ሰሃኑን ለአሮጊቷ ሰጠችና ፊቷ ቆመች። ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር የገባት፦ ከወራት ወዲህ የሌላ ሰው አፍ ኬኳን ሲበላ ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ሁልጊዜ በር ላይ በካርቶን ታስረክባለች፤ ሰው የሚበላው ቤቱ ገብቶ ነው። ስታይ የኖረችው የባሏን አፍ ብቻ ነበር።

አሮጊቷ ጎረሰች። ፊቷ በራ። ሁለት ጊዜ አላመጠች፣ ዋጠች፤ ከዚያ የሆነ ነገር ቅንድቧ መካከል ሄዶ ተቀመጠ። ሹካዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች። የውኃ ብርጭቆውን አንስታ እስከ ግማሽ ጠጣች።

«እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ» አለች። «አሠራሩ ሲያምር!»

ልጇም ጎረሰ፤ እሱም ውኃ ፈለገ። «በጣም ጥሩ ነው። በጣም። እንደውልልዎታለን።»

አሮጊቷ በሰሃኑ የተረፈውን በወረቀት መሐረብ አለበሰችው፤ የሞተ ሰው ፊት እንደሚያለብሱ።

ባለኬኳ ካርቶኑን አቅፋ ወጣች። ከአዳራሹ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ፊት ለፊት አውቶቡሶች ይዞራሉ፣ ረዳቶች ይጮኻሉ። ካርቶኑን ከፍታ ኬኩን ለረጅም ጊዜ አየችው። «ጌታዬ» አለች፣ «ቃሌን ንቄ አይደለም። ሌላ ምላስ አጥቼ ነው።» ቆረሰችና አፏ ውስጥ አደረገችው።

መጀመሪያ ጣፋጩ መጣ። ስድስት ዓመት! ቫኒላውን አወቀችው፤ ቅቤውን አወቀችው፤ የሎሚ ልጣጩን፣ ለዓመታት በደብተር ብቻ የምታውቀውን፣ እንደ ጠፋ ዘመድ አወቀችው። እንባዋ መጣ። ዋጠችው። ከዚያ ከምላሷ ሥር መራራው ተነሳ፤ ልብስ ሲያጥቡ አፍ ውስጥ እንደሚገባ አረፋ። ምራቋን ብትውጥ አይሄድም። ለአራት ወር ለልደት፣ ለምርቃት፣ ለሕፃን ልጅ ስታቀብል የኖረችው ይህን ነበር።

ቤት ስትገባ ሾፌሩ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል። «እንዴት ሆነ?»

ካርቶኑን ጠረጴዛ ላይ አኖረች። «ቁጭ በል። ብላ።»

በላ። «ድንቅ ነ...»

«ድንቁን ተወው! ሎሚ ነው ወይስ ብርቱካን? ስኳሩ በዛ አነሰ?»

እሷ ወደ ጓዳ ሄዳ ማንኪያ ሞልታ መጣች። «ዓይንህን ጨፍን። ክፈት አፍህን።»

እንደ ልጅ ታዘዛት። ዋጠውና ትንሽ ካሰበ በኋላ፣ በፍርሃት፣ «ስኳር ነው» አለ።

ጨው ነበር።

ማንኪያው ከእጇ ወደቀ። ማንም አላነሳውም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከጨረሩ ወዲህ። ሐኪሙ ይመለሳል ብሎኝ ነበር። ዛሬ ይመለሳል፣ ነገ ይመለሳል ስል...»

«ስትል ሁለት ዓመት!»

«በጥርሴ ነበር የማየው። ለስላሳ መሆኑን ጥርስ ያውቃል።» ሻካራ ድምፁ ተሰበረ። «መሪ አልጨብጥ፣ ጆንያ አላነሳ። እዚህ ቤት የቀረችኝ ሥራ መቅመስ ነበረች። እሷንም አጣሁ ብዬሽ ምን ልሁን? የሚቀለብ ሽማግሌ?»

«ትናንት በሞቴ አስምዬህ?»

አንገቱን ደፋ።

«ሥራዬን ብቻ አይደለም» አለችው። «ስለቴን አስበላኸኝ።»

ያን ቀን በእጇ የገባውን ሁሉ ቀመሰች፤ ዱቄቱን፣ ቅቤውን፣ ወተቱን። የፈረሰ ስለት አንዴ ፈርሷል። በመጨረሻ ከቆርቆሮው ነጩን ዱቄት በጣቷ ነክታ ምላሷ ላይ አደረገችና ቆማ ቀረች። ቆርቆሮውን ይዛ ሱቅ ሄደች።

«ያው ነው ብለኸኝ አልነበር?»

ባለሱቁ አሸተተው፣ አገላበጠው። «ሶዳ ነው ይሄ። ያው እኮ ነው እትዬ፤ ይሄም ያነሳል፣ ያም ያነሳል።»

ልትሰድበው አፏን ከፈተች። የባለሱቁን ፊት አየች፤ ክፋት የለበትም፤ የማያውቀውን ነገር ያው ነው ከማለት በቀር ጥፋት የለበትም። ቆርቆሮዋን ይዛ ወጣች።

ከዚያ ልብስ ሰፊዋ ቤት ገባች። ወዳጇ መርፌ በከንፈሯ ይዛ ዘርፍ ትጠልፋለች።

«ኬኬ ይመር ነበር?»

ልብስ ሰፊዋ መርፌውን ከአፏ አወጣች። «ኧረ አንቺ ደግሞ! ማን አለሽ?»

«እኔ ራሴ ቀመስኩት።»

ወዳጇ ዓይኗን ሰበረች። «ልጆቹ ማርማላታ ቀብተውበት በሉት» አለች በዝግታ። «ምን ልበልሽ? ሰውየው ከሞት አፍ ወጥቶ፣ አንቺ ሌት ተቀን ስትማስኚ፣ ኬክሽ መረረኝ ልበልሽ? ይሻላታል፣ ያልፍላታል ብዬ...»

«ጎረቤቴ አይደለሽ? አንድ ቃል እኮ ነበር። አንድ ቃል።»

«አዘንኩልሽ እኮ።»

«አውቃለሁ» አለች ባለኬኳ። «ሁላችሁም አዘናችሁልኝ።»

በማግስቱ ቤኪንግ ፓውደር ከሩቅ ገበያ አስመጥታ ጋገረች፤ ቀመሰች፤ ልክ ነው። ግን ማን ይምጣ? ለሁለት ቀን ከባሏ ጋር «ብላ» እና «እሺ» ከማለት በቀር አልተነጋገሩም።

ሐሙስ ዕለት ከገበያ ስትመለስ ሾፌሩ ቤት የለም። ኮቱም የለም፤ አዲሱ ኬክም ከመደርደሪያው የለም። ከሰዓት በኋላ ከማዞሪያው በኩል ሲመጣ አየችው፤ በየአጥሩ እየቆመ ትንፋሹን ይሰበስባል። ባዶ ካርቶን ይዟል።

«የት ነበርክ?»

«አዳራሹ ጋ።» ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «ጥፋቱ የእኔ ነው አልኳቸው። ምላስ የለኝም፣ እሷን አታለልኳት፤ ይሄ ነው የእሷ እጅ፣ ይሄን ቅመሱ አልኳቸው። ቀመሱ። ወደዱት።»

ልቧ ዘለለ። «እና?»

ቀና ብሎ ዓይን ዓይኗን አየ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ አይቷት አያውቅም። «አልሆነም። ለባለመስታወቷ ረቡዕ ፈርመውላታል። የሁለት ዓመት ውል ነው። እናትየዋ፣ ያን ቀን ብንነግራት ቅር ይላታል ብዬ ነው አለችኝ።»

ባለኬኳ ቆማ ሰማችው። ተስፋዋ ሁሉ አለቀ። ቢሆንም ሰውየው «ይሆን ይሆናል»፣ «ያስቡበታል» አላላትም፤ ለዚያች ያህል በልቧ ተመስገን አለች። ቀይ ቀለሙን በነጭ እንዲያጠፋው ነገረችው። ሲያጠፋው አልወጣችም።

ቅዳሜ ወደ ዋናው መንገድ ሄደች። መስታወቱን ገፍታ ስትገባ ባለመስታወቷ እስከ ክርኗ ዱቄት ነክቷት ወዲያ ወዲህ ትላለች።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። እውነት ይዘሽ ብትመጪ አባረርኩሽ።»

ልጅቷ ቶሎ አልለዘበችላትም። «ስነግርሽ ምነው ያኔ ብትሰሚኝ እትዬ? እኔ እኮ ያን ቀን ደረጃሽ ላይ አልቅሼ ነው የሄድኩት።»

«አጥፍቻለሁ። ከሰፈሩ ሁሉ የወደድሽኝ አንቺ ብቻ ነበርሽ፤ አላወቅኩም።»

ባለመስታወቷ እጇን በሽርጧ ጠረገች። «የአዳራሹን ሥራ ብቻዬን አልችለውም። ኬኩን የሚጋግርልኝ እንደ አንቺ ያለ እጅ አላገኝም። ግን...» አመነታች። «ካርቶኑ ላይ የሱቄ ስም ነው የሚኖረው። ሠራተኛ ነው የምትሆኚው። እንዳላስቀይምሽ።»

ባለኬኳ ዙሪያውን አየች። በሩ የሚገጥም ምድጃ፣ የሚያብረቀርቅ ጠረጴዛ፣ ተጣጥፈው የተደረደሩ ካርቶኖች፣ በየካርቶኑ ላይ በወርቅ ቀለም የሌላ ሰው ስም። 

«ስንት ሰዓት ልምጣ?»

«አንድ ሰዓት፣ እትዬ።»

ሰኞ ጠዋት ሾፌሩ ቦርሳዋን ይዞላት እስከ ማቆሚያው ሸኛት። ካገባት ጀምሮ የራሷ ሥራ የነበራት ሴት ናት፤ ዕድሜዋን በሙሉ ለሰው ተቀጥራ አታውቅም ማለት ይቻላል፣ ከልጅነቷ አሠሪ ቤት በቀር። ሰውየው ይህን ያውቃል። ጥጉ ላይ ቆመው አውቶቡሱን ሲጠብቁ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«ይቅር በይኝ» አላት።

ልትመልስለት ፈለገች። በየቀኑ ስትጸልይ በደላችንን ይቅር በለን የምትል ሴት ናት፤ ቃሉን ታውቀዋለች። ግን አልወጣላትም። አንድ ቀን ይወጣል፤ ፈጣሪ ይረዳታል፤ ዛሬ ግን የለም። አውቶቡሱ መጣ። ቦርሳዋን ተቀበለችው፤ አንዱን እግሯን ደረጃው ላይ አድርጋ ዞር አለች።

«ኮትህን ቆልፍ» አለችው። «ለጉሮሮህ ብርድ አይሆንም።»